የእናት ክኒን በሕፃን እጅ ሲገባ፦ በአይረን መመረዝና ሕክምናው

(በሬድዮ ፕሮግራም የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)



  ዛሬ የምንነጋገረው በብዙዎቻችን ቤት ስለሚገኝ አንድ መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስለሚሰጣቸው የአይረን ክኒን ነው። አንዳንዶቻችን «የደም ማነስ ክኒን» እንለዋለን።

ይህ ክኒን ለእናት ደም ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ብዙ ፍሬ ከዋጠው ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል ከባድ መርዝ ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ የመርዙ አካሄድ የሚያዘናጋ መሆኑ ነው። ልጁ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ትውከቱ ያቆምለታል፤ ይረጋጋል፤ ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» ይላል። እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዛሬው ንግግራችን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትቀሩ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አይረን በዋጠ ልጅ ላይ የትውከት መቆም የመዳን ምልክት አይደለም።

ጉዳዩ ለምን የሁላችንም ሆነ?

ነገሩን ቀረብ አድርገን በአንድ ሰፈር ላይ እንየው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለውን የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውሰዱ። ብዙ ወጣት ባለትዳሮች የሚኖሩበት፣ በየደረጃው ሕፃናት የሚሯሯጡበት ሰፈር ነው። ቤቱ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ከሆነ አልጋው፣ ሶፋው፣ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛና የምግብ ማብሰያው ጎን ለጎን ናቸው። መድኃኒት የሚቀመጥበት የተለየ ቦታ የለም። ክኒኑ በትራስ ሥር፣ በእናት ቦርሳ፣ በፍሪጅ አናት ወይም በመስኮት ደፍ ላይ ያድራል። ልጁ ደግሞ ወንበር ገፍቶ መውጣት የሚማረው በዚሁ በአንድ ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ነው።

ሌላም አለ። በኮንዶሚኒየም የጎረቤት ልጅ የቤት ልጅ ነው። በሩ ክፍት ሲሆን ገብቶ ይጫወታል። ስለዚህ «እኔ ቤት ሕፃን የለም» የምትል እህት እንኳን ከዚህ ጉዳይ ነፃ አይደለችም። ከአባዶ ተነስቶ በመገናኛ በኩል ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ከከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ እስከ መሐል መጓዝን ይጠይቃል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያለውን የመንገድ መጨናነቅ የምታውቁት ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ በመጠበቅ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው። ይህ ሁኔታ የአባዶ ብቻ አይደለም፤ የቦሌ አራብሳም፣ የሌሎች የከተማ ዳር ሰፈሮችም ነው።

ክኒኑን አንጥላው

እናቶች ሆይ፣ ይህን ሰምታችሁ ክኒኑን እንዳትጥሉት አደራ! በሀገራችን የደም ማነስ ቀላል ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ነፍሰ ጡር ሴት ደሟ ሲያንስ በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ ይደክማል፤ ፅንሱም ይጎዳል። ለዚህ ነው 60 ሚሊ ግራም አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር በአንድ ፍሬ ተዘጋጅቶ በየቀኑ እንድትወስድ የሚሰጣት።

ስለዚህ መልእክታችን «አትውሰዱ» አይደለም። መልእክታችን «ውሰዱ፣ ግን ቆልፉበት» የሚል ነው። ለብዙ ሳምንታት የሚሆን ክኒን በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ በቤት ውስጥ ምንጊዜም በርካታ ፍሬ ይኖራል። ብዙዎቹ ክኒኖች ቀለም ያላቸውና ለስላሳ ሽፋን የተቀቡ በመሆናቸው ለሕፃን ዓይን ከከረሜላ አይለዩም።

ስንት ፍሬ ነው የሚመርዘው?

ሐኪሞች መጠኑን የሚለኩት በልጁ ክብደት ነው። ልብ በሉ! የሚቆጠረው የክኒኑ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጹሕ አይረን ነው። ለምሳሌ 300 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት የሚል የተጻፈበት ክኒን በውስጡ ያለው ንጹሕ አይረን 60 ሚሊ ግራም ያህል ነው።

ልጁ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ20 ሚሊ ግራም በታች ከዋጠ ብዙውን ጊዜ ከባድ ነገር አይገጥመውም። ከ20 እስከ 60 ከሆነ ትውከት፣ ተቅማጥና የሆድ ሕመም ይመጣል። ከ60 ካለፈ መላ ሰውነትን የሚያናጋ ከባድ መመረዝ ሊከተል ይችላል። ከ120 በላይ ከሆነ ሕይወትን የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ወደ ፍሬ እንለውጠው። 12 ኪሎ የሚመዝን የሁለት ዓመት ልጅ እንውሰድ። ባለ 60 ሚሊ ግራሙን ክኒን 4 ፍሬ ከዋጠ 240 ሚሊ ግራም ነው፤ በኪሎ 20 ደረሰ ማለት ነው። 12 ፍሬ ከዋጠ በኪሎ 60 ይሆናል። የአንድ ወር ክኒን፣ ማለትም 30 ፍሬ፣ ከዋጠ በኪሎ 150 ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን የአንድ ዓመት ሕፃን ደግሞ አንድ ባለ 10 ፍሬ ማሸጊያ ብቻ ከባድ ወደሚባለው መጠን ያደርሰዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ለሐኪም መረጃ እንድትሰጡበት እንጂ ቤት ተቀምጣችሁ እንድትፈርዱበት አይደለም። ሕፃን የዋጠውን ቆጥሮ አይነግረንም። አንድ ሁለት ፍሬ እንደሆነ በእርግጠኝነት ካላወቅን የጎደለው ሁሉ እንደተዋጠ ቆጥረን መሄድ አለብን።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

አይረን ለደም አስፈላጊ ነው። ሰውነት ግን ከመጠን ያለፈ አይረን የሚያስወጣበት በር የለውም። ውኃ ቢበዛ በሽንት ይወጣል፤ አይረን ግን አንዴ ወደ ደም ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ አንጀት በጤናው ጊዜ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ሆኖ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። በደም ውስጥም ትራንስፈሪን የሚባል ተሸካሚ አለ፤ አይረኑን ይዞ ወደሚፈለግበት ያደርሰዋል።

ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ ሲገባ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። በመጀመሪያ አይረኑ የጨጓራንና የአንጀትን ግድግዳ ያቃጥላል፤ ያቆስላል። በቆሰለው ግድግዳ በኩል ደግሞ ያለ ከልካይ ወደ ደም ይጎርፋል። ተሸካሚው ይሞላበታል። ተሸካሚ ያጣው አይረን በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ ይዞራል። ይህ ነፃ አይረን ወደ ሴሎች ገብቶ ኃይል የሚመነጭባቸውን ክፍሎች ያበላሻል። ሴሎች ኃይል ሲያጡ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ከአንጀት የሚመጣውን ደም መጀመሪያ የሚቀበለው ጉበት ስለሆነ ጉዳቱ በእሱ ላይ ይበረታል።

አምስቱ ደረጃዎች

በአይረን የተመረዘ ሰው በአምስት ደረጃዎች ሊያልፍ ይችላል። ሁሉም ሰው በሁሉም ያልፋል ማለት አይደለም። በከባድ መመረዝ ደረጃዎቹ ተጣድፈው ሊደራረቡም ይችላሉ።

አንደኛው ደረጃ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ትውከት፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት አለው። ትውከቱ ወይም ሰገራው ደም ሊቀላቅል፣ ሊጠቁርም ይችላል። ከባድ ከሆነ በፈሳሽና በደም መጥፋት ብቻ ልጁ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው ደረጃ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ የሚመጣው የዝምታ ጊዜ ነው። ትውከቱ ይቆማል። ልጁ ይረጋጋል ወይም ይተኛል። ውስጡ ግን አይረኑ ከደም ወደ ሴሎች እየገባ ነው። በጥንቃቄ የሚመረምር ሐኪም የልብ ምቱ መፍጠኑን፣ መፍዘዙን፣ የደሙንም አሲድነት ያገኝበታል።

ሦስተኛው ደረጃ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚከሰት ነው። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ልጁ ይደነዝዛል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል፤ ደሙም እንደሚገባ አይረጋም።

አራተኛው ደረጃ የጉበት መድከም ነው። በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ይታያል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል።

አምስተኛው ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ነው። የቆሰለው የጨጓራ መውጫ ሲጠግግ ጠባሳ ይተውና ይጠባል። ከሆስፒታል ድኖ የወጣ ልጅ ከሳምንታት በኋላ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መልሳችሁ ውሰዱት።

ሁለተኛውን ደረጃ በደንብ እንድታስተውሉት አንድ ምሳሌ እንስጥ። እንበልና አንድ ሕፃን ረፋድ ላይ ክኒን ዋጠ። እስከ ዙህር ድረስ ደጋግሞ አስመለሰው። ዐስር ሲደርስ ትውከቱ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። እናት ትንፋሿን አገኘች፤ ጎረቤቶችም «መርዙ ወጣለት፣ ይተኛ» አሉ። ከዒሻ በኋላ ልትቀሰቅሰው ስትል እጁ ቀዝቅዟል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ስሙን ስትጠራው አይመልስም። በዚህ ምሳሌ የጠፋው ከዙህር እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ነው። ሕክምናው ይበልጥ ሊሠራ የሚችለው በዚያ ጊዜ ነበር።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ በአፉ ውስጥ የቀረ ክኒን ካለ በጣታችሁ አውጡለት።

ሁለተኛ፦ የተረፈውን ቁጠሩ። ማሸጊያውን፣ ብልቃጡን፣ ወለል ላይ የፈሰሰውንም ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደዋጠ ሰዓቱን ያዙ። አብሮት የተጫወተ ሌላ ልጅ ካለ እሱንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ይካፈላሉና።

ሦስተኛ፦ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907፣ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደግሞ 939 ነው። ልጁ ከደከመ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ደም ካስመለሰው ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ገብቶ ፈሳሽ ይጀመርለት፤ ከዚያ በሪፈር ይሂድ። ደህና የሚመስል ከሆነ ግን የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በቀጥታ መውሰዱ ይሻላል። በምሥራቅ በኩል የካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ወደ መሐል ደግሞ ምኒልክ፣ የካቲት 12 እና ጥቁር አንበሳ አሉ።

የማይደረገውንም እንንገራችሁ። በጣት ጉሮሮ ነክቶ ወይም የጨው ውኃ አጠጥቶ ማስመለስ አይገባም። ጨው በራሱ ሕፃንን ይጎዳል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በሀገራችን መርዝ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ወተት ነው። በረኪና ለጠጣም፣ መድኃኒት ለዋጠም ወተት እንሰጣለን። ወተት ግን የአይረንን መርዝ አያረክሰውም፤ እንቁላልም፣ ዘይትም አያረክሰውም። «ወተቱን ይጠጣና እንይ» በማለት የሚያልፈው አንድ ሰዓት ነው ጉዳቱ።

ማርና ጥቁር አዝሙድስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። እነዚህ በእኛ ዘንድ ያላቸው ቦታ የታወቀ ነው። ነገር ግን ክኒን የዋጠ ሕፃን አፉን ከሞላነው ለትውከትና ለመታነቅ እናጋልጠዋለን። ዱዓው በመንገድ ላይ ይደረጋል። ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ሰበቡ ሆስፒታል ነው።

ሆስፒታል ምን ይደረግለታል?

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው «ሆዱን ለምን አላጠቡትም? ከሰሉን ለምን አልሰጡትም?» በማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናውን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ሐኪሙ የሚቀድመው ትንፋሽንና የደም ዝውውርን ማስተካከል ነው። ኦክስጅን ይሰጣል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ይጀምራል። ልጁ ግፊቱ ከወረደ በአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ሊትር የሚሆን የጨው ፈሳሽ በፍጥነት ይሰጠዋል፤ ካስፈለገም ይደገማል። ብዙ ደም ከፈሰሰው ደም ይሰጠዋል። ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ልጆችን የሚያተርፈው ይህ ነው።

ከዚያ ምርመራ ይታዘዛል። የሆድ ራጅ ይነሳል፤ አይረን ብረት ስለሆነ ያልሟሟው ክኒን በራጅ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ክኒኑ ሟሙቶ ከሆነ ላይታይ ስለሚችል ባዶ ራጅ ማለት «አልዋጠም» ማለት አይደለም። በደም ውስጥ ያለው የአይረን መጠን ከተዋጠ በ4ኛውና በ6ኛው ሰዓት መካከል ቢለካ ይመረጣል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ500 ማይክሮ ግራም በላይ ከሆነ መመረዙ ከባድ ነው፤ ከ1000 በላይ ከሆነ ለሕይወት በእጅጉ ያሰጋል። ዘግይቶ የተለካ እንደሆነ ግን አይረኑ ወደ ሴሎች ስለገባ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል። እንግዲህ ልጁ ብቻ ሳይሆን ላቦራቶሪውም በዝምታው ጊዜ ሊያዘናጋን ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው የደሙ አሲድነት፣ ስኳሩ፣ የጉበቱና የደም መርጋት ምርመራው አብሮ የሚታየው። ምርመራው ባይገኝ እንኳን ሐኪሙ በልጁ ሁኔታ ተመርኩዞ ሕክምናውን መጀመር ይችላል።

ለብዙ መርዞች የሚሰጠው የመድኃኒት ከሰል አይረንን አይዝም። ስለዚህ ሐኪሙ ከሰል ባይሰጥ ቸል ብሎ አይደለም። ሆድን በቱቦ ማጠብም ቢሆን ክኒኑ ትልቅና የሚጣበቅ ስለሆነ በቱቦው ቀዳዳ በቀላሉ አይወጣም፤ ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ያደርገዋል። በራጅ ብዙ ክኒን ከታየ የተሻለው መንገድ አንጀቱን ከላይ እስከ ታች ማጠብ ነው። ፖሊኤትሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በአፍንጫ በገባ ቱቦ፣ ለትንሽ ልጅ በሰዓት እስከ ግማሽ ሊትር ድረስ፣ ከታች የሚወጣው ጥርት እስኪል ይሰጣል። አንጀቱ ከተዘጋ፣ ካልሠራ ወይም ብዙ ከደማ ግን ይህ አይደረግም።

አሁን ወደ ዋናው ማርከሻ እንምጣ። ስሙ ዲፈሮክሳሚን ይባላል፤ ዴስፌራል በሚል የንግድ ስምም ይታወቃል። መነሻው ስትሬፕቶማይሰስ ፒሎሰስ ከተባለች ጥቃቅን ሕዋስ የተገኘ ነው። በሕክምና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ሲሆን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ሥራው በደም ውስጥ ያለውን ነፃ አይረን አጥብቆ ይዞ በሽንት ማስወጣት ነው። ልጁ ግፊቱ ከወረደ፣ ከደነዘዘ፣ ደሙ አሲድ ከሆነ ወይም የአይረን መጠኑ ከ500 ካለፈ ይሰጣል።

የሚሰጠው በደም ሥር በዝግታ ነው፤ በሰዓት በአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም። ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይቀነስና በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ ከ80 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። በፍጥነት ከተሰጠ የደም ግፊትን ይጥላል። ከአንድ ቀን በላይ ሲራዘም ሳንባን የመጉዳት አደጋ ስላለው ሐኪሞች በጥንቃቄ ይከታተሉታል። በዚህ ምክንያት አልጋ ይዞ፣ ክትትል ባለበት ሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ነው። መድኃኒቱ ሥራ ሲጀምር የልጁ ሽንት ቀላ ያለ ቀለም ሊይዝ ይችላል። ወላጆች «ደም ሸና» ብላችሁ አትደንግጡ፤ አይረኑ እየወጣ ነው። ልጁ ሲነቃ፣ የደሙ አሲድነት ሲስተካከልና የሽንቱ ቀለም ሲመለስ ማርከሻው ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እናሳያችሁ። 100 ሚሊ ግራም ዲፈሮክሳሚን የሚይዘው 8.5 ሚሊ ግራም ያህል አይረን ነው። 12 ኪሎ የሚመዝነው ልጃችን በአንድ ቀን የሚፈቀድለት 960 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ሁሉ ቢሠራ የሚይዘው 82 ሚሊ ግራም ያህል አይረን ነው፤ ከአንድ ክኒን ትንሽ የሚበልጥ! ማርከሻው በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚዞረውን አደገኛውን አይረን ስለሚይዝ ሕይወት ያድናል። በሆድ ውስጥ ያለውን 20 ፍሬ ግን ሊውጥልን አይችልም። ክኒኑ ወደ ደም ሳይገባ ከአንጀት መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። ወደ ደም ከገባ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከኋላ ተነስቶ እንደማባረር ነው። ሰዓት እዚህ ላይ መድኃኒት ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ምንም ምልክት ካላሳየስ? በሐኪም ዓይን ሥር ሆኖ 6 ሰዓት ሙሉ ያላስመለሰ፣ ያልደከመ ልጅ ከባድ መመረዝ የሚደርስበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ክኒን ከሆነ ግን ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህ 6 ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ የሚቆጠር እንጂ ቤት ውስጥ የሚቆጠር አይደለም።

ከአድማጮች የሚነሱ ጥያቄዎች

«ነፍሰ ጡር ሴት ራሷ ብዙ ክኒን ብትውጥስ?» ሕክምናው ያው ነው። ማርከሻውም «ፅንሱን ይጎዳል» ተብሎ አይከለከልም፤ እናት ካልዳነች ፅንሱም አይድንምና።

«ዕድሜዋ ከፍ ያለ ልጅ ሆን ብላ ብትውጥስ?» ይህ በድብቅ የሚያልፍ ጉዳይ ነው። ቤተሰብ ለስሙ ሲል ዝም ይላል፤ ልጅቷም ትፈራለች። ወላጆች ሆይ፣ በዚያ ሰዓት ቁጣ አይጠቅምም። ስንት እንደዋጠች በእርጋታ ጠይቁና ውሰዷት፤ ለሐኪሙም እውነቱን ንገሩት። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ለዚህም ነው። ከዳነች በኋላ የሚያነጋግራት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልጋታል።

«የሕፃናት የአይረን ሽሮፕስ?» ሽሮፑ በሐኪም ትእዛዝ በማንኪያ ሲሰጥ መድኃኒት ነው። ጠርሙሱን አንስቶ ከጠጣው ግን እንደ ክኒኑ ቆጥራችሁ ውሰዱት።

ሌሎች ከደረሰባቸው እንማር

ይህ አደጋ የድሃ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከጁን 1992 እስከ ጃንዋሪ 1993 ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ አምስት ሕፃናት የአይረን ክኒን ውጠው ሞተዋል። ብዙ ሆስፒታል፣ ብዙ አምቡላንስ፣ ማርከሻውም ባለበት ሀገር ነው ይህ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠንካራ ክኒኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ታሽገው እንዲሸጡ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍም እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። ከደንቡ በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ ያነጻጸረና በ2005 የታተመ ጥናት፣ የተነጻጸሩት ዘመናት ርዝመት እኩል ባይሆንም፣ የሕፃናቱ ሞት ከ29 ወደ 1 መውረዱን አሳይቷል። ለብቻ የታሸገ ክኒን ልጅ አንድ በአንድ ሲፈለቅቅ ጊዜ ይወስድበታል፤ እናት ትደርስበታለች። የማሸጊያው ደንብ በ2003 በፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት ቢነሳም ትምህርቱ ግን ቀርቷል።

በካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ሕፃን በአይረን የመመረዝ አደጋው ታናሽ በተወለደበት ሰሞን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህን ወደ ቤታችን አምጡት። እናት አራስ ናት። የተረፈው ክኒን ከአልጋው ራስጌ ነው። በሰባተኛው ቀን የዐቂቃ እንግዳ ቤቱን ሞልቷል፤ ሁሉም የሚያየው አዲሱን ሕፃን ነው። ታላቁን ልጅ ማን ያየዋል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ክኒኑን ከነማሸጊያው አስቀምጡ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወይም በፌስታል ፈትታችሁ አታስቀምጡ። ቦታው ከፍ ያለ ብቻ ሳይሆን የሚቆለፍ ይሁን፤ ሳጥን ወይም ሻንጣ ቢሆን ይበቃል። የእንግዳ ቦርሳ መሬት ላይ ወይም አልጋ ላይ አይቀመጥ። በረመዷን ክኒኑን ከስሑር ወይም ከኢፍጣር ጋር የምትወስዱ እህቶች፣ አንዷን ፍሬ አውጥታችሁ ማሸጊያውን ወዲያው መልሱ፤ ከተምሩ ሰሐን አጠገብ አይደር። ሕፃን መድኃኒት እንዲወስድ ስታባብሉት «ከረሜላ ነው» አትበሉት። ወሊዱ ካለፈ በኋላ የተረፈውን ምን እንደምታደርጉበት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም ፋርማሲውን ጠይቁ። አባቶችም ጉዳዩን ለእናት ብቻ አትተዉት፤ ቁልፉን ዛሬ ግዙ።

በየሕንጻው የምትኖሩ ጎረቤታሞች ደግሞ መኪና ያለው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት የሚጠራው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ሕፃን ሲያስመልሰው «መርዙ ወጣ፣ ይተኛ» የሚል ሰው ቢኖር ይህን ዝግጅት የሰማ አንድ ጎረቤት «አይሆንም፣ ክኒኑን ቆጥረን እንሂድ» ይበል። ልጅ በእጃችን ያለ አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከክፉ ነገር ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሽፋእ ይስጥልን። በሌላ ዝግጅት እስከምንገናኝ ደኅና ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።